ከመጀመሪያው ንገሪኝ

የኤዶ ከድራን መሞት የሰማሁት ስልክ ላይ ባለን የሥራ ፈላጊዎች ግሩፕ በመጣ የድምፅ መልእክት ነው። ላኪው ሙክታር ነበር፣ ወደ አገሩ የተመለሰው የሽንሌው ሙክታር። ስለ አዲስ ክፍት የሥራ ቦታ ሊነግረን መስሎኝ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። "ጠዋት ከቤት ወጣሁ" ብሎ ጀመረ። "ባጃጅ አጣሁ፣ በእግሬ ሄድኩ። ነፋስ ነበረ። የባቡር ሐዲዱን አልፌ ስመጣ ሐምዳን በሯ ላይ ቆማ አየኋት፤ ጫማ አላደረገችም።" ሐምዳ የኤዶ ከድራ ልጅ ናት። እዚህ ላይ ልቤ አወቀው። በኋላ ስንጠያየቅ ለካ ሁላችንም ያወቅነው እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሙክታር ግን አላቋረጠም። ቤት እንዴት እንደገባ፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ኤዶ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች፣ ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግዳ እንዴት ጋደም እንዳለች፣ ሁሉንም በየተራው ተናገረ። ከዚያ "ኢናሊላሂ" አለና ድምፁ ተቋረጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን "ኤዶ አረፈች" ብሎ ይገላገል ነበር። እኛ ግን እንደዚያ አልተማርንም። ወሬ ከመሀሉ አይጀመርም፤ ከመጨረሻውማ ጭራሽ! ይህንን ያስተማረችን እሷው ናት። ሙክታርም መሞቷን በራሷ ሕግ ነገረን።

"ኤዶ" ሶማልኛ ነው፣ አክስት እንደ ማለት። መጀመሪያ ያወቅኳት ቀን "እርስዎ" ብያት ነበር፤ ወላጅ ያሳደገኝ ልጅ አይደለሁ? "አባዮ" አለችኝ፣ እህቴ ማለት ነው፤ "ኤዶ ካልሽኝ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካከበርሽኝ ዕድሜዬን ትነግሪብኛለሽ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤዶም አንቺም ሆነች።

ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበረች። እጇ ላይ ሒና አይጠፋም። መነጽሯ ሁልጊዜ ሻሿ ላይ ነው፣ ሁልጊዜም ትፈልገዋለች። "መነጽሬን ያያችሁ?" ስትል ማናችንም ትንፍሽ አንልም፤ ቦርሳዋን ስትገለብጥ፣ የሻይ ብርጭቆውን ስታነሳ፣ ወንበሩ ሥር ስታጎነብስ እያየን ከንፈራችንን እንነክሳለን። በመጨረሻ ጭንቅላቷ ላይ ስታገኘው "አላህ ይይላችሁ፣ እናንተ ከንቱዎች!" ትላለች። በማግስቱ ደግሞ እንደ አዲስ። ይኸው ዛሬ መነጽር ያጠለቀ ሰው ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ በነበረበት ዘመን ገና ልጃገረድ ሆና አስተርጓሚነት ገባች። ከዚያ ጅግጅጋ መጥታ አንድ የረድኤት ድርጅት ውስጥ የቅጥር ክፍል ሠራተኛ ሆነች። ማስታወቂያ ስታወጣ፣ ማመልከቻ ስትለይ፣ ሰው ስትፈትን የኖረች ሴት ናት። በኋላ ፕሮጀክቱ ተዘጋ፤ እሷም ከሌሎቹ ጋር ወጣች። "ሰው ስቀጥር ኖሬ እኔው ሥራ አጥ!" እያለች ትስቃለች። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ሐምዳ አግብታ ሽንሌ ነው ያለችው። እሷ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖር ነበር፣ ሥራ ፈላጊ ሆና። ይህንን አስምሬበት የምናገረው ያኔ እኛ ፈጽሞ ስለረሳነው ነው። ለእኛ ሥራ ስታፈላልግ እያየን፣ እሷም እንደኛ የምትፈልግ መሆኗ ትዝ አይለንም ነበር።

እኔ ሰብለ እባላለሁ። አባቴ ወታደር ሆኖ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ጅግጅጋ ቀረ፣ እዚሁ ተቀበረ። እኔ የተወለድኩት እዚህ ነው፤ ሌላ ከተማ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በሒሳብ አያያዝ ስመረቅ ጊዜው ክፉ ነበር። ከተማው በታወከበት በዚያ ክረምት ብዙ ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ጭነው ወደየአገራቸው ሄደዋል። ደሴ ያለው አጎቴ በየሳምንቱ ይደውላል፤ "ምን ትጠብቃላችሁ? ኑ እንጂ!" ይላል። እናቴ ልቧ ተነስቷል። እኔ ደግሞ እንኳን ደሴ ልሄድ፣ ደሴ ሲባል ብርድ ብርድ ይለኛል። ብዙ ከተነታረክን በኋላ እናቴ ቁርጡን ነገረችኝ።

"ሥራ ካገኘሽ እንቀመጣለን። የመንግሥትም ይሁን የግል፣ የሚታይ ሥራ። ካላገኘሽ ግን ለፋሲካ ደሴ ነን፣ አለቀ!"

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። የሥራ ጉዳይ ለኔ የደሞዝ ጉዳይ አልነበረም። አገሬ ላይ የመቅረት ጉዳይ ነበር።

ሥራ ፍለጋዬ ስልክ ላይ ነው። የሌለሁበት የሥራ ማስታወቂያ ቻናል አልነበረም። ጠዋት ስነሳ ስልኬ በማስታወቂያ ታጭቆ ያድራል፤ ሳላነብ እልካለሁ፣ እልካለሁ፣ መልስ የለም። የቃለ መጠይቅ ምክር፣ የሲቪ ምክር፣ "ቀጣሪ የሚወዳቸው ምሥጢሮች" የሚሉ ቪዲዮዎች፣ ያላየሁት የለም። ጭንቅላቴ ምክር ብቻ ሆኖ ነበር።

ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት የሻይ ዳስ አለች፤ የግመል ወተት ያለበት ሻይ የሚፈላባት። ሥራ የሌለን ተመራቂዎች ጠዋት ጠዋት እዚያ እንሰበሰባለን፤ ኤዶ ከድራም እዚያው ጥግ ላይ ስልኳን በክንዷ ልክ አርቃ ይዛ ታነባለች። አንድ ቀን እየዘለልኩ ገባሁ።

"አገኘሁ!" አልኩ። "አይሻ ከተማ ነው። የትራንዚት ድርጅት፣ ሒሳብ ሠራተኛ። ደሞዙ ጥሩ፣ ቤት ይሰጣል፣ ልምድ አይጠይቅም። ኦሪጅናል ዲግሪ ይዞ በአካል መቅረብ ነው።"

"ማሻአላህ" አለች ኤዶ ከድራ። "ሰሐን ልከሻል?"

"ምን?"

"ነይ ተቀመጪ።" ቦታ ለቀቀችልኝ። "ገጠር፣ እኛ ጋ፣ ዝናብ ሲጠፋ 'እዚያ ማዶ ዘንቧል' የሚል ወሬ ይመጣል። ወሬ ነው እንግዲህ። ሰው ወሬ ሰምቶ ቤቱን ነቅሎ ግመል ላይ አይጭንም። መጀመሪያ አንድ ሰው ይላካል። ይሄዳል፣ ሣሩን በዓይኑ ያያል፣ ውሃውን ይቀምሳል፣ ማን እንደሰፈረበት ይጠይቃል፣ ተመልሶ ይናገራል። እሱ ነው ሰሐን ማለት። እሱ ሳይመለስ ቤት አይነቀልም። አንቺ ይሄን ስልክ ብቻ አይተሽ ልትነቅዪ ነው?"

አይሻ ለሚኖር የአክስቷ ልጅ ደወለች። በማግስቱ መልስ መጣ፤ ሰውዬው አድራሻው ላይ በእግሩ ሄዶ አይቷል። ያለው አጥር ነው። አጥሩ ውስጥ ፍየሎች አሉ። የድርጅቱን ስም ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ የለም። ማስታወቂያውን ደግመን ስናነበው ከሥር በደቃቅ ፊደል "የምዝገባ ክፍያ በቦታው ይፈጸማል" ይላል።

ወይ ጉድ! እኔ ታዲያ ማመስገን ሲገባኝ ተናደድኩባት። ፊቴን አጥቁሬ "አሁን ደስ አለሽ?" አልኳት። ተስፋዬን የነጠቀችኝ እሷ መሰለችኝ። እሷ ምንም አልተቀየመችም። "ተቆጪ፣ ይውጣልሽ" አለችኝ፤ "ሲወጣልሽ ቀጣዩን እናያለን።"

እንዲህ ተዋወቅን።

ማስታወቂያ ከታች ወደ ላይ እንዳነብ ያስተማረችኝ እሷ ናት። "ላይ ያለው ደሞዙ ነው፣ ያሳውርሻል። ከታች ጀምሪ። ቀኑ አላለፈም? አድራሻው የት ነው? ማመልከቻውን ማን ይቀበላል? ገንዘብ የሚጠይቅሽ ቀጣሪ አይደለም፣ ነጋዴ ነው፤ አንቺ ነሽ ሸቀጡ። ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ብቻ አትደውዪ፣ ውሸታም ሲደወልለት 'እውነት ነው' ነው የሚልሽ። ሌላ ሰው ጠይቂ። ይሄን ሁሉ አልፎ ከቀረ፣ ያኔ ደሞዙን እይ።" ብዙ መላክም ከለከለችኝ። አንዱን ማመልከቻ ለሁሉም መበተኔን ስትሰማ አናቷን ይዛ "ኧረ በአላህ! ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ቀሚስ?" አለችኝ።

ቀስ በቀስ ስልክ ላይ ግሩፕ ከፈተችልን። ስሙ "ሰሐን" ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል! ሕጉ ቀላል ነበር። ማንም ሰው የሥራ ማስታወቂያ ሲያስገባ ያየው ሰው ማን እንደሆነ አብሮ ይናገራል። ፈተና የሄደ፣ ቃለ መጠይቅ የገባ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ ቢሮ ያንኳኳ ደግሞ ተመልሶ ሁሉንም ይናገራል፣ ቢያልፍም ቢወድቅም። በጽሑፍ አይሆንም፤ በድምፅ ነው። "ጽሑፍ ያሳጥራል" ትላለች። "ሰው ሲያሳጥር የሚጥለው ነገር ነው ለሌላው የሚያስፈልገው።"

ጅግጅጋ ያለን ከሆነ ደግሞ ዳሷ ውስጥ ነው ወሬው። የመጣው ሰው መጀመሪያ ሻይ ይጠጣል፤ ማንም አይጠይቀውም። ከዚያ "ሃዬ፣ ከመጀመሪያው ንገረን" ትላለች። ይናገራል፣ ማንም አያቋርጥም። እንደኔ ላለ አፈ ፈጣን ሰው ቅጣት ነበር! "እና አለፍክ ወይስ ወደቅክ?" ልል አፌን ስከፍት እጇን ጉልበቴ ላይ ታደርጋለች። "ደህና ነበር" ብሎ ነገር አይሠራም። "ደህና ምንድነው? በሩን ማን ከፈተልህ? ስንት ሰው ነበረ? ማን ነበር የሚጽፈው? ሲወጡ ፊታቸው ምን ይመስላል?" ስትል አንዳንዱ የረሳውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ሌሎቻችን ደግሞ ሳንሄድ የሄድን ያህል ቢሮውን እናውቀዋለን።

የሳቅነውን ሳቅ ምን ልበላችሁ! ሙክታር ገና ከሽንሌ የመጣ ሰሞን የኢንተርኔት ማመልከቻ ሲሞላ "ሙሉ ስም" የሚል ሲያይ፣ አያት ቅድመ አያቱን ዘልቆ የጎሳው አባት ድረስ ጻፈው። ሳጥኑ ሞልቶ አልቀበል ሲለው "ሲስተሙ ተበላሸ" ብሎ ለኤዶ አመጣላት። ምስክር ሰው በሚለው ላይ ደግሞ የአካባቢውን ሽማግሌ ጽፏል፤ ስልክ የላቸውም። እኛ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ እሷ ቆጣ አለች። "ምን ያስቃችኋል? እኛ ጋ ሰው ሙሉ የሚሆነው እንደዚያ ነው፤ ዋስ የሚሆነውም ሽማግሌ ነው። ሙክታር፣ ለነሱ ሦስቱን ስም ስጣቸው፣ ለምስክር ያስተማረህን ሰው ጻፍ። ቀሪው ያንተ ነው፣ አስቀምጠው።" ሙክታር ዛሬም ያችን ንግግር ሲያነሳ ድምፁ ይለወጣል።

የኔ ጉድ ደግሞ ባሰ። አንድ ቪዲዮ ላይ "ቃለ መጠይቅ ስትገባ ጠንከር አድርገህ ጨብጥ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየህ" የሚል ምክር አየሁ። እናቴ ላይ ተለማመድኩት፤ "ኧረ ልጄ፣ ጣቴን ሰበርሽው!" እስክትል ድረስ። ቀኑ ደርሶ ስገባ ሰብሳቢው ጢማቸውን ሒና የተቀቡ ትልቅ ሰው ናቸው። እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው በትሕትና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እጄ አየር ላይ ቀረ። ብመልሰው ምን አለ? አልመለስኩትም። ዞር ብዬ አጠገባቸው ያለውን ሰው ልጨብጥ ስል እሱም ደረቱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተጠየቅኩ እግዜር ይወቅ። ስወጣ ተደናግጬ ዘበኛውን ጨበጥኩት።

ይህንን ከመጀመሪያው ስናገር ኤዶ ከድራ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "ጅግጅጋ ተወልደሽ! አንቺ ልጅ፣ ጅግጅጋ ተወልደሽ!" ሻሿን እያስተካከለች ጸጥ እስክትል ጠበቅኳት። "ስሚ ሰብለ፣ ምክሩ ውሸት አይደለም" አለችኝ። "በተባለበት አገር እውነት ነው። አንቺ ግን እዚህ ማን እንደሰፈረ አልጠየቅሽም። ሰሐን ለሥራው ብቻ አይደለም፣ ለምክሩም ይላካል።"

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከግሩፑ ብዙዎቻችን አንድ ቦታ ተፈተንን። "ድክመትህ ምንድነው?" ሲባል ሁላችንም ያየነው ቪዲዮ አንድ ነውና "ሥራዬን እንከን የለሽ ካላደረግኩ እንቅልፍ አይወስደኝም" አልን፣ በየተራ። ጠያቂው በመጨረሻ "የጅግጅጋ ልጆች ሁላችሁም በእንቅልፍ ማጣት ነው እንዴ የምትሰቃዩት?" አለ። ኤዶ ሰምታ "እውነተኛ ድክመታችሁን ፈልጉ" አለችን፤ "ከጠፋባችሁ እናቶቻችሁን ጠይቁ።" እናቴን ጠየቅኳት። "ከየትኛው ልጀምርልሽ?" አለችኝ።

እንዲህ እየሳቅን ጊዜው ሄደ። እናቴ ቁም ሳጥናችንን ለጎረቤት ቃል ገባች፣ ብርድ ልብሶቹን አጥባ ማሰር ጀመረች። እኔ ሳቄ እየደረቀ መጣ። አንድ ጠዋት የኤዶ ከድራ ድምፅ ግሩፑ ላይ መጣ፤ አንድ የረድኤት ድርጅት እዚሁ ጅግጅጋ የሰው ኃይል ረዳት ይፈልጋል፣ አንድ ሰው ብቻ። "ቤቱ እውነተኛ ነው፤ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ቢሮው ፎቁ ላይ ሁለተኛው በር ነው፣ የምትቀበለዋ ሴት ደግ ናት፤ ቀኑ አላለፈም።" መጨረሻ ላይ "ሰብለ፣ ይሄን እንዳታልፊው" አለች። እሷም እንዳመለከተች አልነገረችንም። ማንም አልጠየቃትማ!

ተጠራሁ። የመጨረሻው ዕድሌ ነው፤ ፋሲካ ደጃፍ ላይ ነበር። ቢሮው ስደርስ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ኤዶ ከድራ ጥሩ ጥቁር አባያዋን ለብሳ ተቀምጣለች። ደስ አለኝ።

"ልታበረታቺኝ መጣሽ?"

"አይ፣ አባዮ። እኔም ተጠርቼ ነው።"

ወዲያው ስሟ ተጠራ፤ ተነስታ ገባች። አልዋሽም፣ እዚያ ወንበር ላይ ቅናት ጨመደደኝ። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ ነው! እኔ ማን ነኝ ከሷ ጋር? የደሴ ብርድ ልብስ ታየኝ። "አለቀልሽ ሰብለ" አልኩ ለራሴ።

ስትወጣ ወደ በሩ ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ የጨረሰ ሰው የሚሄደው በዚያ ነው። እሷ ግን መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

"ጥያቄውን አልነግርሽም፤ ሌብነት ነው" አለችኝ ዝግ ባለ ድምፅ። "መንገዱን ግን እነግርሻለሁ። ሰብሳቢው ሴት አይጨብጥም፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ። በግራ ያለችው ሴት ትጽፋለች፤ ስትጽፍ ቆም በይላት፣ አትሩጪባት። ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ነጠላሽን አታውልቂ። ሥራው ሐርተሼክ መመላለስ አለበት፤ የምር ነው፣ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። የማትችዪ ከሆነ አትዋሺ፤ የምትችዪ ከሆነ ግን ሳይጠይቁሽ ተናገሪ።"

ወደ እሷ ዞርኩ። "ለምንድነው የምትነግሪኝ?"

"ሄጄ አይቼ ስመለስ ዝም ልበል? ሣሩን አይቶ ለራሱ ግመል ብቻ የሚደብቅ ሰሐን የት አገር ነው ያየሽው?"

"ኤዶ… ግን አንቺም ሥራውን ትፈልጊዋለሽ።"

"በጣም" አለች።

ያችን "በጣም" እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስለ ራሷ ችግር ከአፏ የወጣ ቃል እሱ ብቻ ነው። ስሜ ተጠራ፤ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ "ሂጂ" አለችኝ።

ሥራውን እኔ አገኘሁት። በስልክ ሲነገረኝ እናቴ ዕልል ብላ ብርድ ልብሶቹን መፍታት ጀመረች፤ እኔ ግን እግሬ ወደ ዳሷ ለመሄድ አቅማማ። ሄድኩ። ገና ስገባ ከፊቴ አውቃዋለች። ሻይ አዘዘችልኝ፣ እስክጠጣ ጠበቀች፣ "ሃዬ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለች። ከመጀመሪያው ነገርኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ፣ አንዴም አላቋረጠችም። ስጨርስ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" አለችና መነጽሯን መፈለግ ጀመረች። ቦርሳዋን አየች፣ ወንበሩ ሥር አየች።

"ኤዶ፣ ሻሽሽ ላይ ነው" አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። አውርዳ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፣ ብዙ ጠረገችው።

ብዙም ሳይቆይ ክፍሏን ለቀቀች። ያለ ሥራ ጅግጅጋ ላይ መቆየት አልቻለችም ነበር። ያኔ ነው የገባኝ፤ እኔ ከተማዬ ላይ ለመቅረት የያዝኩት ሥራ እሷም ከተማዋ ላይ ለመቅረት የፈለገችው ሥራ ነው። አንድ ወንበር ነበር፤ አንዳችን መሄድ ነበረብን። መናኸሪያ ልሸኛት ሄጄ ሻንጣዋን ሚኒባሱ ላይ ስናስጭን አንገቷን አቅፌ አለቀስኩ።

"ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ። "ሽንሌ ዘንቧል ይላሉ። ሄጄ ልየውና እነግርሻለሁ።"

ሐምዳ ዘንድ ከገባች በኋላም ድምፅዋ አልተለየንም። ከኋላዋ ነፋስ ይሰማል፣ ልጆች ይንጫጫሉ፣ አንዳንዴ ባቡር ሲያልፍ ቆም ትልና ትቀጥላለች። ድሬዳዋ ያለ ማስታወቂያ፣ አይሻ ያለ ማስታወቂያ፤ ያየው ማን እንደሆነ፣ ቀኑ መቼ እንደሚያልፍ። ሥራ ያገኘ ሰው ከግሩፑ አይወጣም፤ እኔም አልወጣሁም። ለብቻዬ ደግሞ ትልክልኛለች፤ "ሥራ እንዴት ነው?" ትላለች። "ደህና ነው ኤዶ" ካልኩ አለቀልኝ። "ደህና ምንድነው? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።" እነግራታለሁ። ሐርተሼክ ስሄድ መኪናው የት እንደቆመ፣ ካምፑ የነበረበት ሜዳ ምን እንደሚመስል ስነግራት ትሰማኝና "እዚያ ነው በወጣትነቴ ጥርሴን የነቀልኩት" ትላለች። አሁን የሥራ ማስታወቂያ የማወጣው እኔ ነኝ። ከታች ጀምሮ ለሚያነብ ሰው እንዲመች አድርጌ ነው የምጽፈው፤ አድራሻውን አንድ ሰው በእግሩ መጥቶ እንዲያገኘው አድርጌ። ሳወጣ ሁልጊዜ የሚሰማኝ የሷ ድምፅ ነው። ናፍቆቷ እንዲህ ነው፤ ሥራ ስሠራ ነው የሚይዘኝ።

መሞቷን በሰማሁ ማግስት ፈቃድ ወስጄ ሽንሌ ለቅሶ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ሐምዳን በአካል አላውቃትም። ረጅም፣ ቀጭን፤ እናቷ ቁጭ! ግቢው ውስጥ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሻይ ተሰጠኝ፤ እስክጠጣ ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ሐምዳ አጠገቤ መጣችና "እናቴን ከየት ታውቂያታለሽ?" አለች፣ በጥርት ባለ አማርኛ።

ከመጀመሪያው ነገርኳት። የአይሻን ፍየሎች፣ የጨበጥኩትን ዘበኛ፣ የሙክታርን ሙሉ ስም። ሐዘንተኛ እያለች ሳቀች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስደርስም አላቋረጠችኝም። "'በጣም' አለችኝ" አልኩ። "ሥራውን ግን ያገኘሁት እኔ ነኝ።"

ሐምዳ አተኩራ አየችኝ። "ሰብለ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ከፈተናው በፊት ደውላልኝ ነበር" አለች። "'ሰብለ የምትባል ልጅ አለች፣ እሷም እኔም አንድ በር ላይ ነን። እኔ ካገኘሁ እዚሁ እቀራለሁ፤ እሷ ካገኘች ወደ አንቺ እመጣለሁ' አለችኝ። እኔ ለዓመታት 'ነይ' ስላት 'ልጄ ላይ ሸክም አልሆንም' እያለች እምቢ ብላኛለች። ታዲያ ምን ያደረግኩ ይመስልሻል? ዱዓ አደረግኩ። ለማላውቃት ልጅ፤ ስሟን ጠርቼ፣ እሷ እንድታልፍ።" እንባዋን በሻሿ ጠረገች። "ልጆቼ አያታቸውን አወቁ። አጠገባቸው ተኝታ ነው የሄደችው። አንቺ ነሽ ያመጣሽልኝ።"

ያን ጊዜ ያለቀስኩት ልቅሶ ለኤዶ ይሁን ለራሴ አላውቅም። ያችን "በጣም" ይዤ ስዞር ኖሬያለሁና።

ወደ ጅግጅጋ ስመለስ፣ ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ እጄ ለምዶ ስልኬን አነሳሁ። ስሟን ከፍቼ የድምፁን ምልክት ተጫንኩ። "ኤዶ፣ ሽንሌ ደርሼ መጣሁ። ደህና ገብቻለሁ" አልኩና ላክሁት። ከላክሁት በኋላ ደነገጥኩ። አንድ የራይት ምልክት ብቻ ወጣ። ሁለተኛው አልወጣም፤ ማን ሊሰማው? ስልኩን ፊቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። እናቴ እራት አቀረበች፤ አልበላ አለኝ።

ስልኬ ጮኸ። ገልብጬ ሳየው "ኤዶ ከድራ" ይላል። ሁለተኛው ምልክት ወጥቷል፤ ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ። ተጫንኩት። መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ከዚያ የልጆች ጫጫታ፣ ከዚያ የሐምዳ ድምፅ።

"ሰብለ፣ ደህና ገብቻለሁ ብሎ ነገር እዚህ ቤት አይሠራም። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።"

እንባዬን ጠረግኩ። ከመናኸሪያው ጀመርኩላት።